መቶ አምስትን «1005» ብሎ የሚጽፍ ልጅ ምን እያሰበ ነው?

በሂሳብ ክፍለ ጊዜ መምህሩ «መቶ አምስት» ብሎ ቃል ጽሕፈት ሲያጽፍ፣ 1005 ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አይጠፋም። «ሦስት መቶ ሃያ አምስት» ሲባልም 30025 የሚል ደብተር ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው መልስ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ይደረግበትና ልጁ ትክክለኛውን ከሰሌዳ ገልብጦ ያልፋል። ስህተቱ ግን የስንፍናም የግድየለሽነትም አይደለም። ልጁ የጻፈው የሰማውን በሰማበት ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ መቶን፣ ከዚያ አምስትን። ሪቻርድ ፓወርና ማሪያ ፌሊቺያ ዳል ማርቴሎ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት የሰባት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን የጣሊያን ልጆች ቁጥር እየነገሩ ሲያጽፏቸው ያጋጠማቸው ይኸው ነው። ልጆቹን በብዛት ያሳታቸው ዜሮ ነው፤ በማይገባበት እየገባ ቁጥሩን ያረዝምባቸዋል።

ይኸው ልጅ በግዕዝ አኃዝ ጻፍ ቢባል ኖሮ ልክ ይሆን ነበር። ፻ መቶ ነው፣ ፭ አምስት ነው፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ፻፭፣ መቶ አምስት። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፣ አያስፈልገውምም። አሥሩም መቶውም እልፉም ፲፣ ፻፣ ፼ እየተባለ የየራሱ ምልክት ስላለው፣ ምልክቱን ያወቀ ሰው ዋጋውን ያውቃል። ከህንድ ተነሥቶ በዐረቦች በኩል ዓለምን ያዳረሰው የዛሬው አጻጻፍ ግን ለመቶ የተለየ ምልክት የለውም። 1 የሚለው አኃዝ አንድም፣ አሥርም፣ መቶም፣ ሚሊዮንም ሊሆን ይችላል፤ ዋጋውን የሚወስነው የቆመበት ቦታ ብቻ ነው። በአሥር ምልክቶች ብቻ የፈለጉትን ቁጥር መጻፍ የተቻለው በዚህ ብልሃት ነው። ልጅን የሚያደናግረውም ይኸው ብልሃት ነው። አዋቂዎችንም አደናግሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1299 የፍሎረንስ ገንዘብ ለዋጮች ማኅበር አባላቱ በእነዚህ አኃዞች ሒሳብ እንዳይመዘግቡ ከልክሎ ነበር። እንግዲህ በንግድ የኖሩ ሰዎች የተጠራጠሩትን ነገር የስምንት ዓመት ልጅ በአንድ ሳምንት ትምህርት ይጨብጠዋል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

በየትምህርት ቤቱ ይህ የቦታ ዋጋ የሚባለው ትምህርት ሲሰጥ የተለመደው አካሄድ ይታወቃል። ሰሌዳው ላይ ሰንጠረዥ ይሠመራል፤ ከቀኝ ወደ ግራ የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤት፣ የመቶ ቤት፣ የሺህ ቤት ተብሎ ይጻፋል፤ ከሥሩ አኃዞቹ ይደረደራሉ። «7 በየትኛው ቤት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «በመቶ ቤት!» ይላል። መልሱ ትክክል ነው። ግን ይህ መልስ የሚለካው ተማሪው የቤቶቹን ስም በተራ ማስታወሱን ብቻ ነው። የወራትን ስም በቅደም ተከተል የሚጠራ ልጅ ዓመት ምን ያህል እንደሚረዝም ያውቃል ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ የቤቶቹን ስም የሚጠራ ልጅም የቁጥሩን መጠን ያውቃል ማለት አይደለም። የቦታ ዋጋ ዋናው ነገር በቤቶቹ መካከል ያለው ግንኙነት ነው፤ ከአንዱ ቤት አሥር ሲሞላ በግራው ባለው ቤት አንድ ይሆናል፣ ከግራው ቤት አንዱ ሲፈታ ደግሞ ለቀኙ አሥር ይሆናል። ከአንድ እስከ ቢሊዮን ያለው ሁሉ የዚህ የአንድ ሕግ ድግግሞሽ ነው። ትምህርቱ ጊዜውን ማጥፋት ያለበት በዚህ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ስም በማስጠናት ላይ ያልቃል።

የስም ዕውቀት ምን ያህል ሊያታልል እንደሚችል ኮንስታንስ ካሚ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ያደረጉት ቀላል ሙከራ አሳይቷል። ለልጁ 16 ትናንሽ ዕቃዎች ይሰጡታል፤ ቆጥሮ «16» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ አኃዙ 6 እየተጠቆመ «ይህኛው ከዕቃዎቹ የትኞቹን ነው የሚያሳየው?» ይባላል። ልጁ ስድስት ዕቃ ለይቶ ያሳያል። ቀጥሎ 1 ይጠቆማል፤ ልጁ አንድ ዕቃ ብቻ ያነሣል። ዘጠኝ ዕቃዎች የማንም ሳይሆኑ ጠረጴዛው ላይ ይቀራሉ፣ ልጁ ግን ምንም አይከነክነውም። እንዲህ የመለሱት የአንደኛ ክፍል ልጆች ብቻ አልነበሩም፤ ከዚያ ከፍ ባሉ ክፍሎችም ብዙዎች እንዲሁ አድርገዋል። ከእነዚህ ልጆች መካከል «1 በየትኛው ቤት ነው?» ቢባሉ ያለ ማመንታት «በአሥር ቤት» የሚሉ ይኖራሉ። በ16 ውስጥ ያለው 1 አሥር ነገር መሆኑን ያላየ ልጅ፣ በ160,000 ውስጥ ያለው 1 መቶ ሺህ መሆኑን በምን ያየዋል?

የዚህ ክፍተት ዋጋ የሚከፈለው በመቀነስና በማባዛት ነው። 4,000 ሲቀነስ 268 የሚለውን እንውሰድ። በቃሉ ያጠና ልጅ 4ን ሰርዞ 3 ያደርጋል፣ ሁለቱን ዜሮዎች ሰርዞ 9 እና 9 ይጽፋል፣ መጨረሻው ላይ 10 ያኖራል። ዜሮዎቹ ለምን 9 እንደሆኑ ቢጠየቅ «እንዲህ ነው የሚሠራው» ከማለት ውጭ መልስ የለውም። በመፍታት የተማረ ልጅ ግን እንዲህ ያስባል። አራት ሺህ አለኝ፤ አንዱን ሺህ ስፈታው አሥር መቶ ሆነ። ከአሥሩ መቶ አንዱን ስፈታው ዘጠኝ መቶ ቀረኝ፣ አሥር አሥሮችም አገኘሁ። ከአሥሮቹ አንዱን ስፈታው ዘጠኝ አሥር ቀረኝ፣ አሥር አንዶችም አገኘሁ። ስለዚህ 4,000 ማለት ሦስት ሺህ፣ ዘጠኝ መቶ፣ ዘጠኝ አሥርና አሥር አንድ ማለት ነው፤ ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አላጎደልኩም። ከዚህ በኋላ ከአሥር ስምንት፣ ከዘጠኝ ስድስት፣ ከዘጠኝ ሁለት እያለ 3,732 ላይ ይደርሳል። ሁለቱም ልጆች ያገኙት መልስ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ጥያቄው ትንሽ ሲቀየር ነው፤ የመጀመሪያው መንገዱ ሲጠፋበት ይቆማል፣ ሁለተኛው ሌላ ይፈልጋል።

ጉዳዩ የተማሪው ብቻ እንዳልሆነም ማስረጃ አለ። ሊፒንግ ማ የተባሉት ተመራማሪ የአሜሪካና የቻይና የአንደኛ ደረጃ መምህራንን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ የተማሪ ስህተት አቅርበዋል። ተማሪዎቹ 123ን በ645 ሲያባዙ 615፣ 492 እና 738ን ሳያንሸራትቱ ልክ አንዱን በአንዱ ሥር አድርገው ይደምሩና 1,845 ያገኛሉ። ትክክለኛው 79,335 ነው። ከአሜሪካውያኑ መምህራን ብዙዎቹ መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ሁለተኛውን መስመር አንድ ቤት ወደ ግራ ማንሸራተትን ነው። ከቻይናውያኑ አብዛኞቹ ግን ማንሸራተቱ ከየት እንደመጣ ተናገሩ፤ በ645 ውስጥ ያለው 4 አርባ ስለሆነ 123 ሲባዛ በ40 ውጤቱ 492 ሳይሆን 4,920 ነው አሉ። የቦታ ዋጋን በመጠኑ የሚያስብ ልጅ 1,845ን ገና ሲያየው ይጠረጥረዋል፤ መቶ ጊዜ ስድስት መቶ ብቻውን ስልሳ ሺህ ነውና።

ቁጥሩ ሲያድግ ሁለተኛ ችግር ይመጣል። እስከ መቶዎች ድረስ ልጁ ሦስት ቤቶችን ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ሺህ፣ አሥር ሺህ፣ መቶ ሺህ፣ ሚሊዮን እየተባለ ረጅም የስም ዝርዝር ይደርስበታል። እንደ ዝርዝር ካጠናው ያልቅበታል። እንደ ሥርዓት ካየው ግን አዲስ ነገር የለም፤ ሦስት ሦስት አኃዝ እየሆነ የአንድ፣ የአሥርና የመቶ ቤት እየተመላለሰ የሚመጣ ነው፣ የሚለወጠው የቡድኑ ስም ብቻ። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአገሪቱን ሕዝብ 73,750,932 ብሎ መዝግቧል። ነጠላ ሰረዞቹ ቁጥሩን በሦስት ከፍለውታል። ሰባ ሦስት ሲነበብ የቡድኑ ስም ሚሊዮን ይከተለዋል፤ ሰባት መቶ ሃምሳ ሲነበብ ሺህ ይከተለዋል፤ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሁለት ያለ ስም ይቆማል። እስከ 999 በደንብ የሚያነብ ልጅ ይህን ለማንበብ የሚያስፈልገው ሁለት ተጨማሪ ስም ብቻ ነው። መምህሩ መጠንቀቅ ያለበት ባዶ ቤቶች ላይ ነው። «አራት ሚሊዮን ስድስት ሺህ ሃያ» ሲባል ልጁ ከመጀመሪያው ቡድን በቀር እያንዳንዱ ቡድን የግድ ሦስት አኃዝ መሙላት እንዳለበት ካልገባው 4,620 ወይም 4,6,20 ይጽፋል። 4,006,020 የሚሆነው እያንዳንዱ ዜሮ «በዚህ ቤት ምንም የለም፣ ቤቱ ግን አለ» እያለ ሲቆም ነው።

እዚህ ላይ ሺህን እንደ አንድ ነገር ማየት ቁልፉ ነው። በዚሁ የሕዝብ ቁጥር ላይ ሁለት ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል። «በሺህ ቤት ያለው አኃዝ ምንድን ነው?» ከተባለ መልሱ 0 ነው። «በቁጥሩ ውስጥ ስንት ሺዎች አሉ?» ከተባለ መልሱ 73,750 ነው። የመጀመሪያው የስም ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው ተማሪው ሚሊዮኖቹን ፈትቶ ሺህ ማድረግ መቻሉን ይጠይቃል። የመጀመሪያውን በቀላሉ የመለሰ ተማሪ ሁለተኛውንም «ዜሮ» ብሎ ከመለሰ፣ ቤቶቹ ለእሱ እርስ በርስ የማይገናኙ ክፍሎች ናቸው ማለት ነው። በትናንሽ ቁጥሮችም ቢሆን «በ4,300 ውስጥ ስንት አሥሮች አሉ?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ሰንጠረዥ ሙላ ጥያቄ በላይ ይናገራል።

ይህ ጉድለት ከልጅነት ጋር አብሮ የሚያልፍ አይደለም። ዴቪድ ላንዲና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ለአዋቂዎች ከአንድ ሺህ እስከ አንድ ቢሊዮን የተዘረጋ መስመር ሰጥተው አንድ ሚሊዮን የት እንደሚውል እንዲያመለክቱ ጠየቁ። ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ሰዎች መሐሉ አካባቢ ላይ አስቀመጡት። ሺህ፣ ሚሊዮን፣ ቢሊዮን የሚሉት ስሞች እኩል ደረጃ ያላቸው መሰላል መስለዋቸዋል። መስመሩ አንድ ሜትር ቢሆን ግን ሚሊዮን የሚውለው ከግራው ጫፍ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ነው፤ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ ሚሊ ሜትር ከእሱ በስተቀኝ ነው። የታላቁ ኅዳሴ ግድብ ሐይቅ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ነው ሲባል የሰማ ሰው፣ በስህተት «74 ሚሊዮን» ቢባል ከሺህ እጅ አንዱ ብቻ መነገሩን ካላስተዋለ፣ ስለ አገሩ በጀትና ብድር የሚነገረውንም በዚያው ዓይን ነው የሚያነበው።

አማርኛ ለልጆቻችን የቦታ ዋጋን ለመረዳት መልካም መነሻ ይሰጣል። የጀርመንኛ ተናጋሪ ልጅ 24ን «አራትና ሃያ» እያለ ስለሚጠራ አኃዞቹን ገልብጦ 42 የመጻፍ ችግር አለበት፤ በኦስትሪያ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከስህተቶቻቸው ግማሽ ያህሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። በአማርኛ ትልቁ ቀድሞ ትንሹ ይከተላል፣ እንደሚጻፈው። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ሲባልም አሥሩ በግልጽ ይሰማል። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ ላይ ግን አሥሮቹ ይደበቃሉ፤ ሃያ ሁለት አሥር መሆኑን ቃሉ አይናገርም። ስለዚህ በታችኞቹ ክፍሎች «ሠላሳ አራት፣ ሦስት አሥርና አራት» እያሉ ሁለቱን ንባብ ጎን ለጎን ማስለመድ ምንም ወጪ የለውም፣ ጥቅሙ ግን እስከ ሚሊዮን ይከተላል።

እያሰሩና እየፈቱ ማስተማር በሚለው ሐሳብ ላይ መምህራን የሚያነሡት የመጀመሪያ ተቃውሞ መደመጥ ያለበት ነው። ሃምሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል፣ ከጠመኔና ከሰሌዳ ሌላ ምንም በሌለበት፣ እያንዳንዱ ልጅ እየፈታና እያሰረ እንዲማር ማድረግ ይቻላል ወይ ይላሉ። ማሪያ ሞንቴሶሪ ያዘጋጁት የዶቃ መሣሪያ አንዱን፣ አሥሩን፣ መቶውንና ሺሁን በዓይን ያሳያል፤ ዋጋው ግን የብዙ ትምህርት ቤቶቻችን አቅም አይደለም። ነገር ግን ለዚህ ትምህርት የተማሪ መብዛት ራሱ ሀብት ሊሆን ይችላል። ሃምሳ ልጆች እያንዳንዳቸው ሃያ ሃያ ስንጥር ይዘው ቢመጡ ሺህ ስንጥር ይሆናል። አሥር አሥሩን በክር ማሰር፣ አሥሩን እስር በአንድ ላይ መቶ አድርጎ ማሰር፣ አሥሩን መቶ ደግሞ ሺህ አድርጎ መጠቅለል የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው፤ ልጆቹ ሺህን በሁለት እጃቸው ያቅፉታል። ለእልፍ ስንጥር አያስፈልግም። በሂሳብ ደብተር ላይ አሥር በአሥር የሆነ ካሬ እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ቆርጦ ቢሰጥ፣ ሃምሳው ልጅ መቶ ካሬ ያመጣል፤ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አሥር ሺህ ትናንሽ ቤቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ግድግዳ መቶ ቢኖር አንድ ሚሊዮን ይሆናል ሲባል ልጆቹ የሚያስቡበት ነገር ዓይናቸው ፊት አለ።

ዕቃ ማቅረብ ብቻውን ግን አይበቃም። ሎረን ሬዝኒክና ሱዛን ኦማንሰን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት ልጆች በብሎኮች በትክክል እየፈቱ ሲቀንሱ፣ ወረቀት ላይ ሲመለሱ የድሮውን ስህተት ይደግሙ ነበር። ዕቃውና ጽሑፉ በልጁ አእምሮ ውስጥ አልተገናኙም። ስለዚህ አንድ እስር በተፈታ ቁጥር፣ እዚያው በዚያው ደብተሩ ላይ የሚሰረዘው ተሰርዞ የሚጻፈው መጻፍ አለበት። ብርም ጥሩ መሣሪያ ነው፤ አንድ፣ አሥርና መቶ ብር ከቤቶቹ ጋር ልክ ይገጥማሉ፣ አምስቱን፣ ሃምሳውንና ሁለት መቶውን ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ ነው። ሆኖም የመቶ ብር ኖት ከአሥር ብር ኖት አሥር እጥፍ አይወፍርም፤ እኩልነቱ በስምምነት የቆመ ነው። ስለዚህ ብር ከስንጥሩ በኋላ እንጂ በፊት መምጣት የለበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ስልኩ ያሰላ የለም ወይ?» የሚለው ነው። ስልክ ያሰላል፤ ያሰላው ልክ መሆን አለመሆኑን ግን አይናገርም። እንዲያውም ክፍያ በአብዛኛው በወረቀት ብር በነበረበት ጊዜ አሥር ሺህ ብር ከሺህ ብር ይወፍር ስለነበር እጅ ራሱ ያስጠነቅቅ ነበር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ ገንዘብ መላክ ተለምዷል፤ 1,500 እና 15,000 በስክሪን ላይ የሚለያዩት በአንድ ዜሮ ነው። መሣሪያው ሲረቅቅ የቦታ ዋጋን የመረዳት ጥቅም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

«ድሮ በቃል ተምረን ምን ጎደለብን፤ ያልተማረው ነጋዴ እንኳ ሒሳብ አይሳሳትም» የሚሉም አሉ። ስለ ነጋዴው የተባለው እውነት ነው፣ የሚደግፈው ግን የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ ነው። በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ በመንገድ የሚነግዱ አምስት ልጆችን ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳሳተሙት፣ ልጆቹ በገበያቸው ላይ ከቀረበላቸው ሒሳብ 98 በመቶውን በትክክል ሠሩ፤ ተመሳሳዩ በትምህርት ቤት አቀራረብ በወረቀት ሲመጣ ያገኙት 37 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። በገበያ ሲያሰሉ መቶው መቶ፣ ሃምሳው ሃምሳ ሆኖ እንዳለ በአእምሯቸው ይዘውት ነው። ወረቀት ላይ ግን ሁሉም ነጠላ አኃዝ ሆኖባቸው ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳሉ። የትምህርት ቤቱ ሥራ ነጋዴው በቃሉ የሚያውቀውን መጠን ከአጻጻፉ ጋር ማገናኘት ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የጊዜ ነው፤ መጽሐፉ ማለቅ አለበት፣ ፈተና አለ። ጊዜ ግን ከታች ሲቆጥቡት ከላይ የሚያስከፍል ነው። ኮርቢኒያን ሜለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ ልጆች አንደኛ ክፍል ላይ ስለ ቦታ ዋጋ ያላቸው ግንዛቤ ሦስተኛ ክፍል ሲደርሱ በሒሳብ ስሌት የሚኖራቸውን ውጤት አስቀድሞ ያመለክታል። አምስተኛ ክፍል ላይ ማካፈል አልገባ ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ የጎደለው የማካፈል ትምህርት ሳይሆን ከዚያ በታች የቀረው ነው። ፈተናን በተመለከተ ደግሞ መምህሩን ብቻ መውቀስ አይገባም። «በ52,814 ውስጥ የ2 የቦታ ዋጋ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ እስከቀረበ ድረስ መምህሩ የሚያስተምረው ለዚያ ነው። በምትኩ «በ52,814 ውስጥ ስንት መቶዎች አሉ?»፣ «39,990 ላይ አሥር ቢጨመር ስንት አኃዞች ይለወጣሉ፣ ለምን?»፣ «600,000 ከ60,000 በስንት እጥፍ ይበልጣል?» የሚሉ ጥያቄዎች ቢገቡ፣ የሚታረሙበት ጊዜ አንድ ነው፣ ወረቀቱም አንድ ነው። መምህሩ ግን ከመልሶቹ የትኛው ልጅ እስሩን መፍታት እንደቻለ፣ የትኛው ደግሞ ገና ስሙን ብቻ እንደያዘ ለይቶ ያውቃል፤ በማግስቱም ለሁለተኛው ልጅ ስንጥሩን መልሶ ያወጣለታል።